ከባቲ በቁም ሳጥን የመጡ የጌኮ ጫጩቶች ደሴ ላይ አልበላ አሉኝ

ጠያቂ፦ ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ እኛ የግድግዳ እንሽላሊት ስለምንላቸው፣ በሌላው ዓለም ግን ጌኮ በሚል ስም ስለሚታወቁት ትናንሽ እንስሳት ነው። በጥቅምት ወር እናቴ የባቲ ቤቷን ለቃ ከእኛ ጋር ልትኖር ስትመጣ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭነን ወደ ደሴ አመጣነው። ቁም ሳጥኑን ቦታ ልናስይዘው ስናዞረው ከጀርባው ኮምፔርሳቶ ስንጥቅ ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያህሉ፣ ቅርፊታቸው የጠነከረ አራት ነጫጭ እንቁላሎች ተጣብቀው አየን። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ እንዳይጣሉ ስለለመነኝ ሳንነካካቸው ቁም ሳጥኑን ከእንጀራ መጋገሪያው ክፍል ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ በኩል አቆምነው፤ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱ ተፈለፈሉ፣ አራተኛው ደርቆ ቀረ።

ኢንተርኔት ላይ ሌፐርድ ጌኮ ስለሚባል ዝርያ ያነበብኩትን ተከትዬ በአሮጌ የዓሣ መስታወት ሳጥን ውስጥ አሸዋ አነጠፍኩላቸው፣ የውሃ ሳህን አስቀመጥኩ፣ አፉን በአጎበር ቁራጭ ሸፈንኩና ፀሐይ እንዲያገኙ ብዬ መስኮት አጠገብ አኖርኩት። ጉንዳንና ከግቢያችን የያዝነውን ፌንጣ ጨመርንላቸው። ዛሬ አሥራ አንድ ቀናቸው ነው። አንደኛዋ አንድ ነገር ስትውጥ አይተናል፤ ሁለቱ ግን ሲበሉ ማንም አላያቸውም። ጅራታቸው እየቀጠነ ነው፤ በአንደኛው የኋላ እግር ጣቶች ላይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ነጭ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል። ስነካቸው እንኳ የሚራመዱት እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብለው ነው።

ወተት ወይም የእንቁላል አስኳል በጠብታ ላጉርሳቸው? ለሕፃናት የሚታዘዘው የቫይታሚን ሽሮፕ ይጠቅማቸው ይሆን? የሁለት ዓመት ሴት ልጅም ስላለችን፣ እርሷን የሚያሰጋት ነገር ካለ ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ ጎረቤቶቼ መርዘኛ ናቸው እያሉ ያስፈራሩኛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ የሚሮጠው ወደ እነርሱ ነውና በዓይኑ ፊት እንዲሞቱበት አልፈልግም።

መልስ፦ ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ወተቱንም አስኳሉንም ሽሮፑንም ይተዉት። ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ምግቡም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ አሸዋውም ጽፈዋል፣ ስለ ሙቀት ግን አንድም ቁጥር አላገኘሁበትም። ችግሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

እነዚህ እንስሳት እንደ እኛ ከውስጣቸው ሙቀት አያመነጩም፤ ከአየሩና ከተቀመጡበት ነገር ይወስዳሉ። የባቲ ቆላ ልጆች ናቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ጌኮ ማደን አይችልም፤ ቢውጥ እንኳ ሆዱ አይፈጭለትምና የዋጠው እዚያው ይበሰብስበታል። ስለዚህ ጫጩቶቹ ምግብ አልጠሉም፣ የሚበሉበት አቅም አጥተዋል። አሁን በግድ ማጉረስ ሊገድላቸው ይችላል። መጀመሪያ ይሙቁ፤ ከሞቁ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ምግብ ይቅረብላቸው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በሳጥኑ አንድ ጫፍ ብቻ፣ ከአጎበሩ በላይ፣ ጨርቁን እንዳያቃጥለው ከፍ አድርገው ባለ 40 ዋት የድሮውን አምፖል ይስቀሉ፤ ኤልኢዲ የሚባለው አዲሱ ብርሃን እንጂ ሙቀት ስለማይሰጥ አይሆንም። አምፖሉ በፍጹም ሳጥኑ ውስጥ እንዳይገባ፤ እግራቸው መስታወት ላይ የሚጣበቅ ነውና ወጥተውበት ይቃጠላሉ። ቴርሞሜትር ገዝተው እነርሱ በሚያርፉበት ቦታ ያኑሩት። በሞቀው ጫፍ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ 25 ገደማ ቢሆን ራሳቸው የሚመቻቸውን ይመርጣሉ፤ ሌሊት ደግሞ ከ20 እንዳይወርድ። ሁለቱም ጫፍ እኩል ቢሞቅ መሸሻ ያጣሉና ይህም ጥፋት ነው። ከመስኮቱም ያንሱት፤ መስኮት ቀን በመስታወቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ምድጃ ይሆናል፣ ሌሊት ደግሞ ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው እርሱ ነው።

ስለ አሸዋው፦ ያነበቡት ምክር ለሌላ እንስሳ የተጻፈ ነው። ሌፐርድ ጌኮ የፓኪስታን፣ የአፍጋኒስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ አገር እንስሳ ነው፤ የዓይን ቆብ አለው፣ ጣቶቹ ላይ የሚያጣብቅ ንጣፍ ስለሌለው ለስላሳ ግድግዳ አይወጣም። የእርስዎዎቹ የዓይን ቆብ የላቸውም፤ ዓይናቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው ነው፤ ኑሯቸውም ቁልቁል በቆመ ነገር ላይ ነው። አሸዋው ከምግብ ጋር ተውጦ አንጀታቸውን ሊደፍን ይችላል፣ ለሌፐርድ ጌኮ ጫጩትም ቢሆን አይመከርም። ሁሉንም አውጥተው ሶፍት ያንጥፉ፣ በየቀኑም ይቀይሩት። የዛፍ ቅርፊትና እንቁላል የሚደረደርበትን ካርቶን ቆርጠው ወደ ግድግዳው ያስደግፉ፤ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቀው መዋል ይወዳሉ፣ የተፈለፈሉትም ከዚያው ነው።

የውሃ ሳህኑን አንሥተው በምትኩ የሃይላንድ ክዳን ላይ ጥቂት ጠጠር አድርገው ውሃ ይሙሉበት፤ ጫጩት በጥልቅ ሳህን ውስጥ ይሰምጣል። አብዛኛውን ውሃ ግን የሚጠጡት ከግድግዳ ላይ ጠብታ ልሰው ስለሆነ ማታ ማታ መስታወቱን በመርጫ ጠርሙስ ያርጥቡላቸው፣ ጠዋት ደግሞ ይድረቅ።

ምግቡን በተመለከተ፣ የነፍሳቱ መጠን በጫጩቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ያስገቡት ፌንጣ እንኳን ሊበላ፣ ሌሊት እነርሱን ሊነክስ ይችላል፤ ዛሬውኑ ያውጡት። ጉንዳንም ስለሚነድፍ አይሆንም። የሙዝ ልጣጭ በማሰሮ አድርገው ሁለትና ሦስት ቀን ቢያቆዩት የሚወሩት ጥቃቅን ዝንቦች ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ምስጥ ከተገኘም ለስላሳና ቅባት ያለው ስለሆነ የከሳውን ቶሎ ያነሣል፣ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሲመሽ ይስጧቸው፣ የማታ አዳኞች ናቸውና። ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ከእንቁላሉ በቀረው አስኳል ይቆያል፤ የመጀመሪያውን ቆዳ ከገፈፈ በኋላ ነው መብላት የሚጀምረው። ያለመብላታቸው መጀመሪያ በዚህ ሊሆን ይችላል፤ አሥራ አንድ ቀን ግን በዝቷል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አምስት አሳድጌ ነበር። ቤታችን የፀረ ተባይ መድኃኒት በተረጨ ቀን ሳጥኑን ወደ ጓሮ አውጥቼ ከሰዓታት በኋላ መለስኩት፤ ጥንቃቄዬ የበቃ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ነፍሳት ይዤ አበላኋቸው። ነፍሳቱ መድኃኒቱን የነኩ ነበሩ። ማታ ሦስቱ ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ በጀርባቸው ወድቀው አገኘኋቸው፣ እስኪነጋም አልቆዩም። ከዚያ ወዲህ ከተረጨ ቤት በረሮም ሆነ ዝንብ አልሰጥም፤ እርስዎም አደራ።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ወልድያ)

የቦርከና ዳር ወንድማችን ከተናገረው የምቃወመው የለኝም፤ ከሙያዬ በኩል ጥቂት ልጨምርበት።

በጣቶቹ ላይ የቀረው ነጭ ነገር ያልተገፈፈ አሮጌ ቆዳ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሲደርቅ እንደ ክር ያንቃል፣ ደም ይከለክላል፣ ጣቱም ይሞትና ይወድቃል። በጣት ጥፍር ወይም በወረንጦ መሳብ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ቆዳ ይቀዳዋል። ክዳኑ የተበሳሳ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ነክረው የጨመቁትን ጨርቅ ያንጥፉ፤ ውሃው በእጅዎ ሲነኩት ከሕፃን መታጠቢያ የቀለለ ይሁን። ጫጩቱን ለሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩበት፣ ከዚያ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣት ጫፍ እያሻሹ ያንሸራትቱ። በአንድ ቀን ካልወጣ በማግሥቱ ይደግሙታል። ዓይን ላይ የቀረ ቆዳ ካዩ ግን አይንኩት። ሲይዟቸው ጅራታቸውን እንዳይነኩ ልጅዎን ያስጠንቅቁት፤ ስብ የሚያጠራቅሙት በጅራታቸው ነው፣ ከደነገጡ ይቆርጡታል፣ የከሳ ጫጩት ጅራቱን ካጣ ስንቁን አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። ነፍሳት በተፈጥሯቸው ከካልሲየም ይልቅ ፎስፎረስ ይበዛባቸዋል፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን፣ ለአንድ እጅ ፎስፎረስ ሁለት እጅ ካልሲየም ነው። ጉድለቱ በሳምንታት ውስጥ ይታያል፦ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ጅራቱና ጀርባው ይጠማዘዛል፣ ግድግዳ መውጣት ያቅተዋል፤ የጎበጠ አጥንት ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። የተዘጋጀ ዱቄት ከጠፋ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ አመስ አድርገው በሙቀጫ ካላሙ በኋላ በስስ ጨርቅ ይንፉት። ነፍሳቱን በትንሽ ፌስታል ውስጥ ከቁንጥር ዱቄት ጋር ናጥ አድርገው ነጭ ሲሆኑ ይስጡ። ነፍሳቱ ራሳቸውም ከመሰጠታቸው በፊት አንድ ቀን ካሮትና ጎመን ይብሉ፤ የተራበ ነፍሳት ባዶ ቅርፊት ነው።

ካልሲየሙ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ሲኖር ነው፣ ቆዳቸውም ከፀሐይ የተወሰነውን ያዘጋጃል። ይሁን እንጂ የመስኮት መስታወት ለዚህ የሚያስፈልገውን ጨረር አያሳልፍም፤ መስኮት ሥር መቀመጣቸው ለዚህ ምንም አልጠቀማቸውም። ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል አጎበር በለበሰ ቅርጫት፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ አጠገባቸው ሆነው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያውጧቸው። የሕፃናቱን ሽሮፕ የምከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው፦ የጫጩቱ ክብደት ከአንድ ግራም በታች ስለሆነ ለልጅ የተመጠነች አንዲት ጠብታ ለእርሱ መርዝ የምትሆን የቫይታሚን ብዛት ትይዛለች። ለዶሮ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክና ለበግ የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒት ቀንሰው ስጡ የሚል ሰው ቢመጣም አይስሙት፤ በዚህ ክብደት በዓይን ግምት የሚቀነስ መጠን የለም።

ኩሳቸውን በየቀኑ ይመልከቱ። ጤነኛው ቡናማ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ ውሃ አንሷቸዋል። ሌላ ጥሩ መለኪያ ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን ነው፤ የሚያውቁት አንጥረኛ ካለ በትንሽ ክዳን አድርገው በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያስመዝኗቸው ዓይን የማይለየውን መክሳት ሚዛኑ ይነግርዎታል።

ስለ ሕፃኗ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ጌኮ መርዝ የለውም፤ ጎረቤቶችዎ በዚህ ተሳስተዋል። ነገር ግን ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው እያለ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይይዛሉ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ በእርሱ ክፉኛ ሊታመሙ ስለሚችሉ ሁለት ዓመቷ ልጅም፣ እናትዎም ባይነኳቸው ይሻላል። ልጅዎ ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ሳጥኑና ክዳኑም ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር በአንድ ቦታ አይታጠብ።

ጠያቂ፦ ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቴርሞሜትር ገዝቼ ከአሸዋው ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሰዓት በኋላ 17፣ ንጋት ላይ 11 ዲግሪ አነበብኩ። ቁጥሩን ሳየው አፈርኩ፣ ለልጄም አሳየሁት። አሸዋው ወጥቷል፣ ፌንጣውም ወጥቷል፣ አምፖሉ ተሰቅሏል። አሁን በሞቀው ጫፍ 31 ይላል። አንድ የከበደኝ ነገር የመብራት መጥፋት ነው፤ በእኛ ሰፈር ማታ ሲጠፋ አንዳንዴ እስኪነጋ አይመጣም።

መልስ፦ የሐይቅ እናት (ሐይቅ)

ልጄ፣ እኔ ጌኮ አላሳደግሁም፣ ጫጩት ግን በመብራትም ያለ መብራትም ብዙ ዘመን አሳድጌያለሁ፤ ብርዱ ለሁሉም አንድ ነውና የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ ክዳኑን አጥብቂ፣ እያንዳንዱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ ከሳጥኑ ውጭ፣ በአንድ ጎን ብቻ አስደግፊ፤ ከዚያ ሳጥኑን በጋቢ ሸፍኝው፣ ላዩ ላይ ግን መተንፈሻ ተዪ። በየሦስት ሰዓቱ ውሃውን መቀየር ነው፤ ሌሊት አንድ ጊዜ መነሣት ይኖርብሻል። የሞቀ ጡብ የሚያደርጉ አሉ፣ እርሱ ግን መጀመሪያ አቃጥሎ ኋላ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል። የከሰል ማንደጃ ደግሞ በተዘጋ ቤት አጠገባቸው እንዳታደርጊ፤ ጭሱ ለእነርሱም ለእናንተም አደጋ ነው።

ደግሞ ከጠነከሩ በኋላ ግቢሽ ውስጥ ብትለቂያቸው ምን ይመስልሻል? የተፈጠሩት ለነፃነት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ማስቀረት ያሳዝነኛል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ወልድያ)

እናታችን ስለ ሃይላንዱ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ስለ መልቀቁም ሐሳባቸውን እጋራለሁ፣ ቦታው ግን ደሴ ሊሆን አይገባም። እንቁላሎቹ ከባቲ እንደመጡ እናውቃለን፤ ከሰፈሩ አየር ጋር ያልተስማሙ እንስሳትን የደሴ ግቢ ውስጥ መልቀቅ ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው። ሳይለቀቁ በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ በሕይወት ያለ ነፍሳት ራሳቸው አድነው መያዛቸው፣ ጅራታቸው ከሥሩ ወፈር ብሎ መታየቱና ሁለት ጊዜ ያህል ቆዳቸውን ያለ እርዳታ መግፈፋቸው። ልጅዎ እንዳይለቀቁ ከፈለገና እርስዎም ለዓመታት ልትንከባከቧቸው ከቻላችሁ ይህም ይቻላል፤ ያኔ ግን ሲያድጉ ይለያዩ፣ ወንዶቹ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይጣላሉ።

ጠያቂ፦ ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁለት ሳምንት አልፏልና የሆነውን ልጻፍላችሁ። በሞቁ በሁለተኛው ማታ ልጄ ባትሪ ይዞ ሲጠብቅ ትልቋ ከካርቶኑ ወጥታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አንዲት ዝንብ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ የጅራቷን ጫፍ እያርገበገበች ዘልላ ያዘቻት። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ የዋጠችው በሆዷ በኩል እንደ ጥቁር ነጥብ ይታይ ነበር። ሁለተኛው በአራተኛው ቀን ምስጥ በላ። ጣቱ የታነቀው ሦስተኛው ግን ዘገየ፤ ቆዳው በሦስት ቀን እርጥብ ጨርቅ ተላቀቀ፣ ሆኖም የአንድ ጣቱ ጫፍ ጠቁሮ ወድቋል። ያም ሆኖ ግድግዳውን ይወጣል።

አንጥረኛው ጎረቤታችን በደስታ መዘነልን፤ ትልቋ በሳምንት ውስጥ ከ0.31 ወደ 0.38 ግራም ደርሳለች፣ ትንሹ ከ0.24 አልተነቃነቀም። መብራት በጠፋባቸው ሁለት ሌሊቶች በሃይላንዱ ምክር ከ21 ዲግሪ በታች አልወረደም።

ልጄን ስለ መልቀቁ ጠየቅሁት። ሦስቱም በአንድ ቀን ይሄዱ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ትንሹ ካልጠነከረ ብቻውን እንዳይቀር ብሎ። እንግዲህ ትንሹን እንጠብቃለን፤ ሚዛኑ ላይ ከፍ ካለ በኋላ በአንድ ሰኞ፣ ወደ ባቲ ገበያ በሚሄደው መኪና፣ እናቴ የነበረችበት ግቢ ድረስ እንወስዳቸዋለን። የአሁን ጥያቄዬ የመንገዱ ነው፦ ከደሴ ወርደን በኮምቦልቻ በኩል ባቲ እስክንደርስ ሙቀቱ ብዙ ይለዋወጣልና በምን ዓይነት ዕቃ ብይዛቸው ይሻላል?

መልስ፦ ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

በጠዋት ይነሡ፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ክዳኑ በመርፌ በተበሳሳ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አድርገው ይያዙ፣ ዕቃዎቹንም በካርቶን ውስጥ አድርገው በጋቢ ይሸፍኑ። እስከ ኮምቦልቻ ከብርድ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደግሞ ከፀሐይ ነው የሚጠብቋቸው፤ መኪናው መስኮት ዘንድ አያስቀምጧቸው። ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ አያብሏቸው። ባቲ ሲደርሱ ቀን ላይ አይልቀቋቸው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስንጥቅ ያለበት የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ መብራት በቅርብ በሚበራበት ቦታ ክዳኑን ከፍተው ያስቀምጡና ራሳቸው እስኪወጡ ይጠብቁ። በኮምቦልቻ ሲያልፉ ምስጥ ካስፈለገዎት ይጻፉልኝ፤ መናኸሪያው ድረስ አመጣለሁ።